በእግራቸው ያልሄዱ ፋይሎች

ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ነጭ መስኮት ይዘረግፋል። ውስጣቸው ቅንፍ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፤ ሰው የማያነበው ጉድ። ልብስ ሰፊዋ እናት የደንበኞቿን ልክ የምታስቀምጠው እዚያው ላይ ነው። ደንበኛ ፊት አፈረች።

ደግነቱ ቤቱ ውስጥ ኢንጂነር አለ። ኢንጂነሩ ታላቅ ልጇ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ መንፈቅ አልሞላውም፣ መነጽሩ ግን ቀድሞት ተመርቋል።

የልኩ ፋይል ጠዋት ብቻውን እንዲከፈትላት ያደረገው እሱ ነው። ፋይሉ ያለበትን፣ ውስጡ የገባ ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈትበትን ፎልደር ስክሪኑ ላይ አውጥቶ "ጓዳ" አለላት። "ስሙን ስታርትአፕ ብላት መች ይገባታል?" አለ። የተደበቁትን ፋይሎችም እንዲታዩ አደረገ፤ ኢንጂነር ምን ይደበቅበታል! ከዚያ ወዲህ ሁለት የደበዘዙ ምልክቶች ስክሪኑ ላይ ተጎልተዋል።

መስኮቶቹ ሲመጡ መነጽሩን አስተካክሎ መረመረ።

"የደበዘዙት የሲስተም ፋይሎች ቦታቸውን ለቀዋል። ፎልደሩ ውስጥ ገብተው ነው አብረው የሚከፈቱት። በእግራቸው ደግሞ አልሄዱም።"

ሁሉም ወደ ታናሽ እህቱ ዞረ። "ተንኮሊት" ዝም ብሎ የወጣላት ስም አይደለም። አምና ማውሱ ሆድ ላይ ፕላስተር ለጥፋ፣ ኢንጂነሩን ግማሽ ቀን ኮምፒውተር አስፈትታዋለች።

"እናቴ ትሙት አልነካሁም!"

"በእኔ አትማዪ!" አለች እናት፣ ደንበኛ ሊመጣ ነውና የልጇን ጫማ ወደ ጓዳ እየወረወረች።

ኢንጂነሩ ፋይሎቹን ወደ ስክሪኑ መለሳቸው። "በቃ፣ ተፈወሰ።"

በማግስቱ መስኮቶቹ ዱብ አሉ። መለሳቸው። ዱብ! ይለፍ ቃል አበጀ፤ ከእሱና ከእናቱ በቀር ማንም አያውቀውም። ዱብ!

"ሰርቃ አይታው ነው" አለ። የተማረ ሰው መቼ ማስረጃ ያጣል።

"ቅዳሜ እኮ የክፍላችን የሐይቅ ጉዞ..."

"ጉዞ የለም!" አለች እናት። "ሐይቁ የትም አይሄድብሽም።"

ተንኮሊት አለቀሰች። ሳታስመስል ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ማንም አላመናትም። ኢንጂነሩ፣ ፍትሕ ሲሰፍን ደስ አይልም? ፋይሎቹን ቦታቸው መልሶ፣ እጁን አራግፎ፣ እያፏጨ ወጣ።

በሩ ተንኳኳ።

"መጣሁ፣ መጣሁ!" እናት ቁርጥራጩን ጨርቅ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ጓዳ ከተተች። ክሩንም። መቀሱንም። ከዚያ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ፤ ከንፈሯን መጠጠች።

"እነዚህ የደበዘዙ ነገሮች ዛሬም እዚህ ተጎልተዋል? ሰው ምን ይላል!" ብላ፣ ሁለቱንም በማውስ እየጎተተች "ጓዳ" ከተተቻቸው።