የኋላ ጎማ

ማቪስ ነዳጁን ረገጠች። ጀልባቸውን የተሸከመው ተጎታች ገና ባሕሩ ውስጥ ነበር፤ የቦወን ከተማ የጀልባ መውጫ ዳገት ደግሞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

"ማቪስ፣ ዛሬም ዓሣውን ልታስቂው ነው?" አሏት ዳር ላይ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡት አጥማጆች።

ትናንት ስቀውባታል። ባሏ ክላይቭ ካልገዛናት ብሎ ድርቅ ያለላት ዝቅ ያለች ቤት-መኪና፣ አልጋና ማድ ቤት ያላት፣ የምትጎትተው በፊት ጎማዋ ነበር፤ ተጎታቹ ኋላዋን ሲጫናት አፍንጫዋ ቀለለና ጎማዎቿ እዚያው ሲሽከረከሩ ቀሩ። ዛሬ ለሙከራ የወሰዷት ግን በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራች፣ በኋላ ጎማዋ የምትገፋ ሌላ ረጅም ቤት-መኪና ናት። ክላይቭ አኩርፎ፣ የዓሣ ሣጥኑን ታቅፎ ዳገቱ አናት ላይ ቆሟል።

የኋላ ጎማዎቹ አንዴ ሸርተት አሉና ሲሚንቶውን ነከሱት። መኪናዋ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጀልባ እየጎተተች ሽቅብ ወጣች። ማቪስ ክላይቭ አጠገብ አቆመችና በመስኮቱ ብቅ አለች።

"እህሳ? አሁንም ያቺን ነው የምትለው?"

"እኔ መች መኪናው አስጨነቀኝ?" አለ ክላይቭ። "ይቺ ከፍ ትላለች፤ ስትወጪ ስትወርጂ ጉልበትሽን እንዳያምሽ ፈርቼ ነው እንጂ።"

ለካ ሳምንቱን ሙሉ የተጨቃጨቀችው ከገዛ ጉልበቷ ጠበቃ ጋር ኖሯል! ክላይቭ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ከመኪናዋ በር ሥር አኖረ፤ እንዳይነቃነቅ በእጁ ጫን ጫን አደረገው።

"በይ ውረጂ" አላት፤ "ደረጃው ተገኝቷል።"