የአባ ጎቲዬ መርፌ

የሰሊባን ክንድ መጀመሪያ ያየው ጠጉር ቆራጩ ነው። ከክርኑ በታች መዳፍ የሚያህል ነጭ ምልክት ወጥቶበታል። ጠጉር ቆራጭ ያየውን ለማሳወቅ ነጋሪት መጎሰም አያስፈልግም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሰሊባ ጋር ከአንድ ማድጋ የሚጠጣ ሰው ከመንደሩ ጠፋ።

ሰዎቹም አይፈረድባቸውም። ወርዳ የምትባለው ሚስቱ ከሁለት ክረምት በፊት ለምጽ ወጥቶባት፣ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ ወዳለው የቅዱስ አልዓዛር ቤት ተወስዳለች። በገባች በወሯ «ሞታለች በል፤ ከእንግዲህ ወደዚህ አትምጣ» ብላ ላከችበት። መንደሩም ከዚያ ወዲህ ተራው የባልየው ነው እያለ ሲጠብቅ ከረመ።

ሐሙስ ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ጂርጂስ ለምርመራ ወደዚያው ቤት ይዞት ወጣ። መንገዱን ሙሉ አፉ አላረፈም።

«ኖራ ስናቃጥል ምድጃው ፈጀኝ በላቸው። ለእኔ እንደዚያ አይደል ያልከኝ?»

«ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ እሱኑ ንገራቸዋ!»

«ዋሽቼህ ነው፣ ጋሼ።»

ጂርጂስ መንገድ መሀል ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ዙሪያውን ገላመጠና የወንድሙን ጆሮ ወደ አፉ ሳበ።

«ስማኝ። ዓይንህን አስረው በመርፌ ይወጉሃል። ለምጽ የያዘው ሥጋ አይሰማውም፤ የተወጋ ሰው ‹ተሰማኝ› ካለ ግን ይለቁታል። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። በወጉህ ቁጥር ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ አንተ ‹ተሰማኝ› ትላለህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«በል እንግዲህ ወንድ ሁን። እናታችን ሁለተኛ ለቅሶ አትችልም።»

ሰሊባ ራሱን ነቀነቀ። ሌሊቱን ሲጸልይ ነው ያደረው፤ ልመናውም አንድ ብቻ ነበር፣ እውነቱን ዛሬ እንዳይደርሱበት።

የአልዓዛር ቤት መነኮሳት ጎራዴ የሚታጠቁ፣ ጦርነት ሲመጣ ፈረስ የሚጭኑ ናቸው። ገሚሶቹ ራሳቸው ለምጻሞች ናቸው። መርማሪው አባ ጎቲዬም በወጣትነቱ ጦር የሰበቀበት እጅ ዛሬ ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶታል፤ በእነሱ ነው መርፌውን የሚይዘው። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ቁጭ በል፣ ልጄ። አትፍራ።»

የሰሊባን ዓይን በጨርቅ አሰረ። መርፌውን ነጩ ምልክት ላይ ገና ሲያስጠጋ፣ ጂርጂስ ጉሮሮውን ጠረገ።

አባ ጎቲዬ እጁን መለሰ። «ወንድምዬው ጉንፋን ይዞታል?»

«ትንሽ አቧራ ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ውጭ አየር ይሻልሃል። ከዚህ በፊትም ስንቱን አቧራ የያዘው ዘመድ አይቻለሁ!»

ጂርጂስን አስወጡና በሩን ዘጉበት። እሱም ጆሮውን ሳንቃው ላይ ለጠፈ። ያለቀለት መሰለው።

ውስጥ አባ ጎቲዬ መርፌውን እንደገና አነሳ።

«ተሰማኝ!» አለ ሰሊባ ድንገት።

«ገና አልነካሁህም፣ ልጄ።»

አባ ጎቲዬ አንዴ ወጋ። ሁለቴ ወጋ። ሦስተኛውን ጠለቅ አድርጎ ደም እስኪወጣ ወጋ። ሰሊባ ፀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ላቡ ብቻ ከግንባሩ እስከ አገጩ ይንቆረቆራል። መነኩሴው ሰባት ጊዜ ከወጋ በኋላ መርፌውን አነሳ።

«አሁን ተሰማኝ!» አለ ሰሊባ።

አባ ጎቲዬ ጨርቁን ፈታለት። ብዙ ሰው እንዲህ በግምት ሲፍጨረጨር ስላየ አልተቆጣውም። እንዲያውም ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እኔም ልክ እንዳንተ ዋሽቼ ነበር» አለው። «አላዋጣኝም።»

የቀረውን እንደ ደንቡ ፈጸሙት። ሰሊባን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንበርክከው የሙታን ጸሎት ደገሙለት፤ እግሩ ላይም አፈር አፈሰሱ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለዓለም የሞተ ሰው ነው። ወደ መንደሩ አይመለስም፣ ከእናቱ እጅ አይጎርስም፣ ሳያቃጭል መንገድ አይሄድም። ጂርጂስ ከደጃፉ ሆኖ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ደቃ። ሰሊባ ይህን ሲሰማ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እዚያ የቆመ ሁሉ አለቀሰ፤ እንኳን ዘመድ ድንጋይም ቢሆን አይችለውም ነበር።

አባ ጎቲዬ አፈሩን ከእግሩ ላይ በገዛ እጁ አጠበለት። ቃጭልና ሸማም ሰጠው።

«ሚስትህ በምዕራብ በኩል ካሉት ጎጆዎች በመጨረሻው ናት» አለው። «ሁለቱም የታመሙ ከሆነ ባልና ሚስትን አንለይም። ሌላ የማጽናናህ ነገር የለኝም።»

ወርዳ ምድጃዋ ላይ ምስር ጥዳ ነበር። በሩ ላይ ቃጭል ይዞ ስታየው ቀና አለች፣ መልሳም ቁጢጥ አለች። ከዚያ ተነስታ በሁለት ቡጢዋ ደረቱን ትደበድበው ጀመር።

«አትምጣ አላልኩህም! አንተን እንዲምር አይደል ሁለት ዓመት የጾምኩት! እኔ ነኝ... እኔው ነኝ ያስያዝኩህ! ምን ብዬ የእናትህን ዓይን አያለሁ?»

«ወርዳ...»

«ዝም በል! ገደልኩህ እኮ!»

እስኪወጣላት ድረስ ትመታው ዘንድ ተዋት። በመጨረሻ ደከማትና እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ባል ቤቱ ገብቷልና ምን ታድርግ? የሚፍለቀለቀውን ሸክላ በባዶ እጇ ከፍሙ ላይ አነሳች፣ ተረጋግታ ይዛው መጣች፣ መዳፉ ላይም አስቀመጠችለት።

«ውይ ወርዳ!» አለ ሰሊባ ሸክላውን ጥሎ እጁን እያራገፈ፣ «ያቃጥላል እኮ!»