የዳሌ ልክ

መዳፏን ዘርግታ የሜትሩን ጫፍ ጠበቀች። ኖርድቬስትሽታት በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የሚሰፉት አሮጊት ወንድ ሲለኩ ጫፉን ለራሱ አስይዘው ራቅ ይሉ ነበር፤ ሴት ስትሆን ግን በሁለት እጃቸው ዙሪያዋን አቅፈው ነበር የሚለኩት። ይህን ፍራንክፈርት ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት፣ የሴት ሆርሞን መውሰድ ሳትጀምር፣ ሱሪ ልታሰፋ መጥታ እንደ ወንድ ጫፉን የያዘችው ራሷ ነበረች። ዛሬ የመጣችው ለፋሲካ ቀሚስ ነው።

«እጅሽን ሰብስቢ፤ ምን ትለምኛለሽ?» አሉና ጎንበስ ብለው ሜትሩን በዳሌዋ ዙሪያ አዞሩት። «ዘጠና አንድ። ይሄ ደግሞ ምኑ ዳሌ ነው?»

«ቦርጭ እንዳላወጣ ብዬ በቀን አንዴ ነው የምበላው፣ እማማ። ሐኪሙ ግን ብዪ ይለኛል።»

«እውነቱን ነው። ኪኒኑ ሥጋውን የት እንደሚያስቀምጥ ያውቅ ይሆናል፤ ሥጋውን ግን ከየት ያምጣው? ከባዶ ሳህን ዳሌ ሲበቅል አላየሁም።»

ይህን ሲሉ ክንዳቸው ገና ዙሪያዋን ይዟት፣ ሻሻቸው ሆዷን ነክቶ ነበር። እዚህ አገር ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗት፣ ሰው እንዲህ ቀርቧት አያውቅም። ሜትሩን ሊጠቀልሉት ሲሉ፣

«ተሳስተው እንዳይሆን፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አለች።

አሮጊቷ ልካቸውን የተጠራጠረውን ሁሉ ተሳድበው ነበር የሚያስወጡት። ቀና ብለው ፊቷን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እንደገና ለኳት፤ አሁን ግን ቀስ ብለው።