እሁድ እሁድ ኋላዋ የሚወርድ መኪና

መሬት ቀያሹ ከሚስቱ ጋር የሚከራከርበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷ ጠቅልለው እነሱ ዘንድ ይግቡ ወይስ አይግቡ።

«ምን ጎደለባቸው?» ይላል ባል። «የራሳቸው ቤት አላቸው። እሁድ እሁድ እኔው አመጣቸዋለሁ፣ እኔው እመልሳቸዋለሁ። ይቺን የመሰለች መኪና ቆማ!»

መኪናዋ እውነትም መኪና ናት። ሥራው ዳገትና ወንዝ ለወንዝ ስለሆነ ሞላዋንም አሞርዛተሯንም አስቀይሮ ከመሬት አንድ ክንድ አስነስቷታል። ጎረቤቱ «ግመሊቱ» ይላታል። እሱ ግን ባያት ቁጥር ደረቱ ይነፋል።

ሚስት አልተሟገተችም። «ይሁን። ግን መኪናህ የእናቴን ወገብ ከሰበረች ያኔ ወሬ የለም፣ እዚሁ ትኖራለች።»

በመጀመሪያው እሁድ አማቱ በር ላይ ተቀብለው ሳሙት። «ገና አልለበስኩም ልጄ፤ ማዶ ሄደህ ሻይ ጠጣ። ቁልፉን ተውልኝ፣ የሚታጠብ ልብስ ላስጭን።» ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ አማቱ የኋላ ወንበር ላይ ተደላድለዋል፤ ከኋላቸው ጓዙ ብርድ ልብስ ለብሷል። የአማቱን ያደፈ ልብስ ገልጦ የሚያይ አማች ደግሞ ገና አልተወለደም።

መንገድ ላይ ጉድ ፈላ። ግመሊቱ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ኋላዋ ዘጭ ይላል፣ ሆዷ ድንጋይ ይፍቃል።

«ወገቤን!» ይላሉ አማቱ።

«እኔን እማማ!» ይላል ቀያሹ፣ ላብ እያጠመቀው።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ እናቷን ደግፋ እያወረደች በዓይኗ ገረፈችውና ዳቦ እንዲገዛ ላከችው። አመሻሹ ላይ ሲመልሳቸው ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ያቺው መኪና እንደ ፍየል ትዘል ጀመር።

«አናቴን!» አሉ አማቱ።

ሰኞ ጋራዡ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ነበር። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ወጣ፤ ነድቶም አያት።

«ጤነኛ ናት» አለ። «ኋላዋ ከወረደ ጭነት አለባት፤ ከዘለለች ባዶ ናት። ሌላ ሚስጥር የለውም። ምንድን ነው የምትጭነው?»

«ምን እጭናለሁ? አማቴን ነዋ!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ አሰበ። «እሳቸው እንግዲህ… ሰውነታቸው እንዴት ነው?»

«ምላስህን ሰብስብ! የሰው አማት ኪሎ ይጠየቃል?»

አይጠየቅም። ጥርጣሬው ግን ገባ፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ማን ያወጣዋል! ጠንካራ ሞላ አስገቡ፤ እሁድም ሻዩ ተጠጥቶ፣ የሚታጠበው ተጭኖ፣ ኋላዋ እንደገና ወረደ። አሞርዛተሩን አጠበቁ፤ ወረደ። ቀያሽ መለኪያ አያጣምና፣ ዳቦውን ሊገዛ ከመሄዱ በፊት፣ አማቱ ገና ሳይወርዱ ጎንበስ ብሎ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። አማቱ ሲመጡ ሦስት ጣት፤ ሲመለሱ ሙሉ መዳፍ።

ቁጥር አይዋሽም። እማማ ሲመጡ ይከብዳሉ፣ ሲሄዱ ይቀላሉ ማለት ነው። ታዲያ እሱ ቤት በአንድ ቀን እንዲህ የሚያከሳቸው ምን አግኝቷቸው ነው? ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ ከሳህናቸው ዓይኑን መንቀል አቃተው።

«እናቴን እንደ በሬ ገዢ ምን ታገላብጣታለህ?» አለችው ሚስቱ በጆሮው።

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!»

አንድ ቀን መኪናዋን ራሱ ሊጠግናት ቆርጦ ተነሳ። መኪናዋን የሚያነሳበትን ክሪክ ሊያወጣ ሲሄድ ዕቃ የሚቀመጥባት የጓሮዋ ክፍል ተቆልፋለች። ቁልፉ ጠፍቶብኛል አለች ሚስቱ። ክሪክ ከጎረቤት ተዋሰ፤ ጎረቤትም በነካ እጁ ስለ ግመሊቱ አንድ ቀልድ ጨመረለት።

እሁድ ላይ ይቅርታ ጠየቃቸው። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጥቂት ይታገሱኝ፣ ይስተካከላል።»

«አይዞህ ልጄ» አሉት ትከሻውን መታ መታ አድርገው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

አንጀቱን በሉት። እንዲህ ያለች ደግ ሴት! የዚያን ዕለት ሲያደርሳቸው ከበራቸው ላይ «ደህና ይደሩ!» ቢል፣ ድምፁ ከውስጥ አስተጋብቶ እሱኑ «ደህና ይደሩ!» አለው። ይህን የሚያህል ሰፊ ቤት እያላቸው እኛ ጋ ምን ያጨናንቃቸዋል ብሎ አሰበና ሐሳቡ ይበልጥ ጸና።

በመጨረሻ ክብሩን ዋጠ። «በቃ ዝቅ አድርጋት» አለው መካኒኩን። «ሞላውንም አለስልሰው።» ግመሊቱ ከክሪክ ላይ ስትወርድ ግን አላስቻለውም፤ ፊቱን አዞረ።

በሚቀጥለው እሁድ አማቱ ለብሰው፣ ድመታቸውን ታቅፈው በር ላይ ጠበቁት። ሻይ ጠጣ የሚለው የለም። ግቢው ውስጥ የማያውቃቸው ባልና ሚስት ቆመዋል፤ ጎረቤት ይሆናሉ ብሎ ሰላም አላቸው።

መኪናዋ ተንሳፈፈች። ዘጭ የለ፣ ዝላይ የለ። ድመቷ እንኳ እንቅልፍ ወሰዳት።

«እንዴት ነው እማማ?»

«የገዛ አልጋዬ ላይ የተኛሁ መሰለኝ፣ ልጄ። ተባረክ!»

ቤት ደርሶ ቢለካ የኋላውም የፊቱም ክፍተት እኩል። እንደገና ለካ፤ አሁንም እኩል! እየሮጠ ገብቶ ሚስቱን ከወገቧ አነሳት።

«ተስተካከለች! እናትሽ ጠቅልለው ይምጡ የሚያሰኝ ምክንያት ከእንግዲህ የለም። ክርክሩ አበቃ!»

«አበቃ» አለች ሚስቱ፣ ፈገግ ብላ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሞተሩን አስነስቶ የኋላውን በር ከፈተ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አማቱን ሸኝቶ አያውቅም።

«እማማ፣ ሳይመሽ ላድርስዎት።»

«ወዴት ልጄ?» አሉ አማቱ ድመቷን መሬት እያወረዱ። «ቤቱን እኮ ጠዋት ለተከራዮቹ አስረክቤ ነው የመጣሁት።»