ከዝርዝሩ የቀረው በር

የስልክ ኦፕሬተሯ «ዋናው በር» የሚለው መለያ ከአዲሱ የመልእክት ተቀባዮች ዝርዝር እንደቀረ ያየችው፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ምድር ቤት ያለውን አሮጌ ሰርቨር አጥፍቶ ገመዱን ከነቀለ በኋላ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን የመልእክት መስመር ክላውድ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላዛውር ብሎ ከመጣ ወዲህ፣ አፍንጫውን ነፍቶ እሷን እንደ አሮጌ ወንበር ነበር የሚያልፋት።

«ልጄ፣ እሱ እኮ የዘበኛው ነው። የሚያመሽ ሰው በዚያ ካልጻፈለት ቆልፎ ይሄዳል።»

«በር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሰው ሆነ፣ እትዬ? እኔ የማዛውረው ሰው ነው።» የነቀለውን ገመድ ጠቅልሎ አስታቀፋት። «ይልቅ ይቺን ሲወጡ ይጣሉልኝ። እኔ እዚሁ አመሻለሁ።»

የገመዱን አቧራ በመዳፏ ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሃያ ዓመት የሠራችበትን ነገር ቆሻሻ ላይ የምትጥል ሴት አልነበረችም።

ስትወጣ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። «ውስጥ የቀረ ሰው አለ፣ እትዬ?»

«መልእክት ደረሰህ?»

ስልኩን አውጥቶ ዓይኑን አጨንቁሮ አየ። «ኧረ ምንም የለም።»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደውን ደረጃ አየችው።

«እንግዲያ ማንም የለም» አለች።

ዘበኛው በሩን ገጥሞ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረው።