በመነጽሩ ውስጥ ያለው ቤት

ዘሊካ የቤት ውስጥ ዲዛይን ቢሮዋን ፔዳ ሰፈር፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ፎቅ ላይ ከከፈተች ስምንት ወር ሆናት። አንድ ክፍል። አንድ ላፕቶፕ። አንድ የቪአር መነጽር። ገና ያላለቀ ቤት ውስጥ መነጽሩን አጥልቆ ገብቶ መዞር ይቻላል። የዞረ ሁሉ ተደንቆ ሄዷል። ያሠራ የለም።

ለአባቷ ቃል ገብታለች። ረመዳን እስኪገባ የምትሠራው አንድ ቤት ካላገኘች ቢሮውን ዘግታ ወረታ ትመለሳለች፤ ከአባቷ ጨርቅ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ትቆማለች። ረመዳን ሃያ ቀን ሲቀረው ዘሀራ መጣች።

ዘሀራ የሐይቅ ዳር ሰው ናት። ባሏ ጀልባ ይሠራል፣ ልጇ በጀልባ ዓሣ ያወጣል። ሰላምታዋ አጭር ነበር። ጠረጴዛውን በጣቷ ጠረገችና ጣቷን አየችው።

«ዓባይ ማዶ ቤት ሠርተናል። ጣሪያው አልቋል፤ ውስጡ ነው የቀረው። የልጄ የሳዲቅ ነው፤ እሱ ከጀልባ ስለማይወርድ ለእኔ ጥሎታል።»

ዘሊካ ቤቱን ለካች። አራት ሌሊት ሙሉ ሣለችው። ዘሀራ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ቢስሚላህ አለችና መነጽሩን አጠለቀች። በሌለ ሳሎን ውስጥ እጇን ዘርግታ ሄደች።

«ይሄ ቤት ነው ክሊኒክ? ነጭ በነጭ።»

«ብርሃን እንዲገባ ነው፣ እትዬ።»

«ወጥ ቤቱ ደግሞ ጠባብ። ሁለት ሴት ቢጣላ መላቀቂያ ቦታ የለውም።»

ዘሊካ ጥርሷን ነክሳ አስተካከለችው።

በሁለተኛው ጊዜ ዘሀራ ሴት ልጇን ፈይዛን ይዛ መጣች። ፈይዛ ጥግ ላይ ቆማ ማስቲካ ታኝካለች።

«ያ ነገር ራሴን ያዞረኛል» አለች ዘሀራ። «አንች አጥልቂውና እየሄድሽ አሳይን። እኛ በላፕቶፑ እናያለን።»

ዘሊካ አጠለቀችው። ከመነጽሩ ውስጥ ቤቱ እንጂ ፊት ለፊት የቆመ ሰው አይታይም።

«ወደ ወጥ ቤቱ ግቢ። የላይኛውን መደርደሪያ ክፈች። ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ።»

«ምድጃው ጋ ጎንበስ በይ። ወገብሽን አያምሽም?»

«ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ማንንም አያምም።»

«አንችን ነው የጠየቅሁ። እስኪ ዙሪ። ቀስ ብለሽ።»

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። መነጽሩን ከፊቷ ስትነጥቀው ፈይዛ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች ነበር። ላፕቶፑ ዘሊካ ጎን ተከፍቶ፣ የወጥ ቤቱ ሥዕል ከነልኩ ወለል ብሎ ይታያል።

«ምኑን ነው ያነሳሽው? ላፕቶፑን?»

«ላፕቶፕ ምን ያደርግልኛል?»

«ስልክሽን አሳይኝ።»

«አላሳይም።»

«ልጄን ሌባ አልሽ?» አለች ዘሀራ።

«አላልሁም። ሥራዬን ግን ማንም አይወስድብኝም።»

ዘሀራ ጫማዋን አደረገች። ደረጃው ላይ ለልጇ አንድ ነገር ሹክ አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሐሙስ ዘሊካ በባጃጅ የዓባይን ድልድይ ተሻግራ ስትሄድ ዘሀራን አየቻት። ከምናሴ የቤት ዕቃ መደብር ስትወጣ። ምናሴ የቀድሞ አለቃዋ ነው። ሁለት ዓመት እሷ ሣለች፣ እሱ ስሙን ጻፈበት። አሁን ሴትዮዋን አንገቱን ደፍቶ እስከ አስፋልቱ እየሸኛት ነው።

ወዲያው ደወለችለት።

«የእኔን ሥዕል ይዛልህ መጣች?»

«የምን ሥዕል?» ሳቀ። «የጠየቀችኝን መለስሁላት። ጸባይሽን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ አልዋሸሁም።»

ቅዳሜ ዘሀራ ብቻዋን መጣች። ዘሊካ ወንበር አልሳበችላትም።

«ምናሴ ጋ ምን አደረሰዎት?»

«ስለ አንች ልጠይቀው።»

«ምን አለ?»

«ሥራዋ ቀጥ ያለ፣ አፏ እሳት።»

«እትዬ፣ ሥራውን ለእሱ ከሰጡ እዚህ ምን ያመላልስዎታል? ሁለት ሳምንት እንደ ገበያ በሬ አቆሙኝ፣ አጎነበሱኝ፣ አዞሩኝ። አንድ ቀን እንኳን ጥሩ ነው አላሉም። ይበቃኛል። ይውጡልኝ።»

ዘሀራ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ዘሊካን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት።

«አባትሽ የወረታው ሙሀመድአወል ነው አይደል? የጨርቅ ነጋዴው።»

«አባቴን እዚህ ምን አመጣቸው?»

«ከአንች ጋር ጨርሻለሁ። የቀረውን ከእሱ ጋር እነጋገራለሁ።»

በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ዘሊካን ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ሴትዮዋ ሥዕሉን ለምናሴ ሰጥታለች፤ አሁን ደግሞ ወረታ ወርዳ፣ ልጅህ ትልቅ ሰው ከቢሮ አባረረች ብላ ታሰድባታለች። አባቷ የሚሉት ይታወቃል። ረመዳን አምስት ቀን ቀርቶታል።

እሑድ መነጽሩን ወደ ካርቶኑ መለሰችው። ላፕቶፑን ጠቀለለች። ከታች ላሉት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰዎች፣ ክፍሉን የሚፈልግ ሰው ካወቃችሁ ንገሩኝ አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«አባየ፣ አውቃለሁ» አለች፣ እሳቸው ሳይናገሩ። «ዘሀራ የምትባለዋ ሴት ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሰደብሁዎት። ዕቃዬን ሰብስቤያለሁ፤ ነገ ሱቁ ላይ እገኛለሁ።»

አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ እንግዳ ትቶ ወደ ጓዳ የገባ ሰው ድምፅ።

«ዝም በይና ስሚኝ፤ ዘሀራ የላከቻቸው ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠዋል፣ አንችን ፎቶሽን ላየው ልጇ ለሳዲቅ ይጠይቃሉ፣ ቤቱንም የምትኖሪበት ራስሽ ነሽና እንደ ወደድሽ ሥሪው ይላሉ።»