ካቆምንበት እንቀጥላለን

ጥበቡ ጎረቤቱን አያ ካሴን በሰደፍ አፉ ላይ ሲመታው ሁለት ጥርሱ ከደሙ ጋር መሬት ወደቀ። የአያ ካሴ እጅ ወደ ኋላ በጠፍር ታስሯል። ደጅ ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ቀልጧል። «በድንበር ተጣልተህ ወንድሜን የገደልከው አንተ ነህ!» አለ ጥበቡ፣ አፈሙዙን አንገቱ ላይ ተክሎ።

«አንድ ጊዜ ቆይ፤» አለች የሟች ሚስት የትናየት፣ የባሏን ላፕቶፕ ጉልበቷ ላይ እየከፈተች። ባሏ አርብ ረፋድ ጓሮ ውስጥ በጥይት ተመትቶ እስኪሞት ድረስ፣ ለንፋስ መውጫ ከተማ ወፍጮ ቤቶች የወረፋ ፕሮግራም እየሠራ ነበር። ኮድ በመጻፍ ከሚያግዘው ኤአይ ጋር ያወራው ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። ጥበቡ ሳቀ። «አንብቢዋ! የዚህን ውሻ ዛቻ ሳይነግረው አይቀርም።»

ከንግግሮቹ ዝርዝር የአርቡን አገኘችና ነካችው። ኮዱ መሀል ላይ ተቋርጧል። ከሥሩ ባሏ የጻፈውን ድምፅ አውጥታ አነበበች፦ «ቆይ፣ ጥበቡ ከጓሮ እየጠራኝ ነው። ስመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን።»

ጥበቡ ግን አርብ ከንጋት እስከ ማታ አርብ ገበያ ከተማ ነበርኩ ብሎ፣ ሬሳው ፊት ታቦት ጠርቶ ምሎ ነበር። አፈሙዙን ከአያ ካሴ አንገት አነሣና ግንባሯ ላይ ደገነው።

«ዝጊው!»

አልዘጋችውም። ደጅ ያለው ለቅሶ ጸጥ እስኪል ድረስ እየጮኸች ደግማ ደጋግማ አነበበችው።